የሰርቨሩ ጉዳይ፦ ከጌጃ ሰፈር ማስታወሻ

ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ

ሒሳብ ያዣችን እትዬ ዛሬም ከቢሮ የወጡት ከሁላችንም በኋላ ነው። የመጋዘኑን ዕቃ ዋጋ የሚያወጣውን ሪፖርት የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ላይ አዘዙ፤ ወርደው ቡና ጠጡ፤ ሲመለሱ መጠበቂያው ምልክት ገና እየዞረ ነበር። እሱ እስኪያልቅ ደረሰኝ የሚቆርጡት ልጆችም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፣ ደንበኛው ቆሞ ያያቸዋል። «ልጄ፣ ገና ግንቦት ነው። ሰኔም እንዲህ ከሆነ እዚሁ ፍራሽ አንጥፉልኝ» አሉኝ። የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ከዚያ ቆጠራው ይመጣል፣ ከዚያ ኦዲተሩ፣ ከዚያ ገቢዎች። ቤታቸው ዓለም ባንክ ነው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከወጡ፣ የታክሲው ሰልፍ ታክሎበት፣ ቤት ሲደርሱ ልጆቹ ተኝተዋል።

ድርጅቱ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው። ሱቁ ሱማሌ ተራ፣ ቢሮውና መጋዘኑ እዚህ ጌጃ ሰፈር። ኩሽኔታው፣ ካንዴላው፣ ቺንጊያው፣ የፍሪሲዮን ሸራው፣ ሁሉም በመኪናው ሞዴልና በተሠራበት ዓመት የተለያየ ቁጥር አለው። መረጃችን በመጠኑ ትልቅ አይደለም፤ አንድ ፍላሽ ላይ ይገባል። አስቸጋሪው ነገር እጅግ ብዙና እጅግ ትንንሽ ቁራጭ መሆኑ ነው።

ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። የኮምፒውተሩን ነገር የምይዘው እኔ ነኝና ማታ ከመጋዘን ሲወጡ ጠሩኝ። «ሰርቨሩ ላይ ኤስኤስዲ አስገባ፣ ይፈጥናል ይሉኛል። ያንተ ሐሳብ ምንድነው?» አሉኝ። እንደሚፈጥን አውቃለሁ። እዚህ አገር፣ እዚህ ሰፈር፣ የሰው ሒሳብ ይዞ ይቆያል ወይ ለሚለው ግን ሳላጣራ መልስ መስጠት አልፈለግኩም። የጥቂት ቀን ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ሰርቨሩን ስለካ ዋልኩ። ያገለገለ ማሽን ነው፣ ከዱባይ የመጣ። ውስጡ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞሩ ሁለት ሀርድ ዲስኮች አሉ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው መለኪያ እንደሚያሳየው ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈት ነው፤ ሜሞሪው አልሞላም፤ የኔትወርኩ መስመርም አልተጨናነቀም። ወረፋው ያለው ዲስኩ ላይ ነው። እትዬ ሪፖርት ሲያዙ ይረዝማል፣ ሪፖርቱ ሲያልቅ ይጠፋል።

ምክንያቱ የሚዞረው ብረት ነው። በደቂቃ 7,200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ዙር ነው። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ይህም ከ4 ሚሊሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ ትክክለኛው መስመር ላይ እስኪደርስ ሌላ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ሲደመር ለአንድ ቁራጭ 12 ወይም 13 ሚሊሰከንድ፣ በሰከንድ ወደ 80 ቁራጭ ማለት ነው። አንድ ሪፖርት ዲስኩ ላይ የተበታተኑ 20,000 ቁራጮችን ቢፈልግ ክንዱ ከ4 ደቂቃ በላይ ሲመላለስ ይቆያል። መረጃውን ቺፕ ላይ የሚይዘው ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚዞር ነገር የለም፤ አንዱን ቁራጭ ለማንበብ የሚፈጅበት የሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያንኑ 20,000 ቁራጭ በ2 ሰከንድ ይጨርሳል።

ሻጮች ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉት «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» የሚለው ቁጥር ፊልም ለሚገለብጥ ሰው ይሆናል። ለእኛ የሚያስፈልገን የትንንሾቹ ንባብ ፍጥነት ነው፤ እሱ ካርቶኑ ጀርባ ላይ በደቃቁ ይጻፋል፣ አለዚያም ጭራሽ አይጻፍም።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ሁለቱን ዲስኮች የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ባትሪው ሞቷል። ባትሪው ደህና ሲሆን ካርዱ የሚጻፈውን ነገር መጀመሪያ በራሱ ሜሞሪ ተቀብሎ «ተጽፏል» ይላል፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ያቆይለታል። ባትሪው ሲሞት ግን እያንዳንዱ ነገር ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያስጠብቃል። ደረሰኝ መቁረጡ የዘገየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ካርዱ ልክ ነው፤ ፍጥነቱን ትቶ መረጃውን ጠብቋል። ይህን ለሐጂ ሳልነግር ስለ ኤስኤስዲ ማውራት አልችልም፤ በትንሽ ብር የሚገኝ ግማሽ መፍትሔ አለና።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ሐጂን መጋዘን ውስጥ አገኘኋቸው። የመጋዘኑ ልጅ መሰላል ላይ ነበር። «ሐጂ፣ ሰርቨራችን ልክ እንደዚህ ልጅ ነው» አልኳቸው። «አንድ ኩሽኔታ በተጠየቀ ቁጥር መሰላሉን ይገፋል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ መሰላሉ ነው ጊዜውን የሚበላው። ኤስኤስዲ ማለት መደርደሪያው ሁሉ ቆሞ እጁ የሚደርስበት ሲሆን ነው።»

ወዲያው ገባቸው። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ከፍጥነቱ የበለጠ ነገር ነበር። «እሺ ይፍጠን። ቢበላሽስ? ሀርድ ዲስክ ሲበላሽ ከውስጡ ያለውን የሚያወጡ ልጆች አሉ። ይሄኛውንስ ማን ያወጣዋል?»

ነጋዴ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሀርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ይንቋቋል፣ ይዘገያል፤ ሰው አውቆ ይሰናዳለታል። ኤስኤስዲ ኮንትሮለሩ ከተቃጠለ እስከ ትናንት ድምፅ ሳያሰማ ሠርቶ ዛሬ ጠዋት ጨርሶ አይታይም። መረጃው በብዙ ቺፖች ላይ ተበትኖ፣ በብዙዎቹ ላይም ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ፣ ቺፑን ነቅሎ ማንበብ እንደ ሀርድ ዲስኩ አይቀናም። ይህን ሳልቀንስ ነገርኳቸው። መልሱ ጥገና ቤት ውስጥ እንደማይገኝ፣ ሁለት ዲስክና የማይቋረጥ ባክአፕ እንደሆነም ነገርኳቸው።

ከዚያ ያሉትን መንገዶች ቆጠርን። የካርዱን ባትሪ መለወጥ፦ ጽሕፈቱን ያፈጥናል፣ ንባቡን ግን አይነካውም፤ የእትዬ ሪፖርት ንባብ ነው። ሜሞሪ መጨመር፦ ትንሽ ይረዳል፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ግን ከዜሮ ይጀምራል። ሰርቨሩን ትቶ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም አይሲቲ ፓርክ ካሉት ዳታ ሴንተሮች አንዱ ጋ ቦታ መከራየት፦ ለሌላ ድርጅት ጥሩ ይሆናል፤ የእኛ ፒችትሪ ግን ፋይሉን በአጠገቡ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥርም ሱማሌ ተራ ሽያጭ ሊቆም ነው። ይህን ቶሎ ተውነው።

የኤስኤስዲውን ዋጋ ሲሰሙ ዝም አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል ነበር፤ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። «ተሳስተን ብንገዛ ደግመን የምንገዛበት ጊዜ አይደለም» አሉ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ጮኸ። ጥበቃው ጄነሬተሩን ሊያስነሳ ሮጠ፤ እሱ ከመድረሱ በፊት ዩፒኤሱ ወደቀ፣ ሰርቨሩም አብሮት።

ሲነሳ አንዱ የፒችትሪ ፋይል ተበላሽቷል። አንድ ሽያጭ ሲመዘገብ የደንበኛው ፋይል፣ የዕቃው ፋይልና የሒሳብ መዝገቡ ተከታትለው ይነካሉ፤ በመሃል ከተቆረጠ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። የሌሊቱን ባክአፕ መለስን። ከጠዋት ጀምሮ የተቆረጠው ደረሰኝ በሙሉ ከቀሪው ላይ እየታየ እንደገና ተመዘገበ። እትዬ አንድም ቃል ሳይናገሩ መነጽራቸውን አጥልቀው ሲመዘግቡ አመሹ። እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው።

በ2011 የግልገል ጊቤ 3 ውኃ አንሶ መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ ቢያንስ ሰዓታችንን እናውቀው ነበር፤ ፈረቃችን ሲደርስ ሰርቨሩን በወጉ ዘግተን እንጠብቃለን። አሁን ቢጠፋ ዝናቡ መስመር ነክቶ ነው፣ ወይም ትራንስፎርመር ተቃጥሎ፣ ወይም መንገድ ሲቆፈር ኬብል ተበጥሶ። ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

ስለዚህ ማታ ቤት ገብቼ ያነበብኩት ስለ ፍጥነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የኤችፒ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ከአምስት አምራቾች 15 ኤስኤስዲዎችን ወስደው፣ በመጻፍ ላይ እያሉ ደጋግመው ኃይል እየቆረጡባቸው ፈተኑ። ከ15ቱ 13ቱ ጉዳት ታየባቸው። ገሚሱ የተጻፈ መረጃ፣ ቅደም ተከተሉ የተዛባ መረጃ፣ የተቀየረ ቢት፤ ጨርሶ የሞተም ነበረ። የኛን ሰፈር ኑሮ ላብራቶሪ ውስጥ አስገብተው የፈተኑ ነው የመሰለኝ።

ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ የትኛው ቺፕ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ አለው፤ ማውጫው በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ፈጣን ሜሞሪ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ሴል 3 ቢት ይይዛሉ፤ ሴሉ ላይ በመጻፍ መሃል ኃይል ከተቋረጠ፣ ቀድሞ በደህና ተጽፎ ያለቀውም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ሀርድ ዲስክ ላይ የሚያሳስበኝ የሚጻፈው ነገር ብቻ ነበር። እዚህ ግን የተጻፈውም ያሳስበኛል።

ለዚህ የተሠራ መድኃኒት አለ። ለሰርቨር ተብለው የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች ሰሌዳቸው ላይ ካፓሲተሮች ተደርድረውላቸዋል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ እነዚህ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች የሚበቃ ኃይል ያቀብላሉ፤ ዲስኩ በዚያች ቅጽበት ማውጫውንና እጁ ላይ ያለውን ቺፑ ላይ አስፍሮ ይጨርሳል። እንዲህ ያለው ዲስክ «ተጽፏል» ሲል ስለሚታመን ዳታቤዙም በየሽያጩ መጠበቁ ይቀርለታል፤ ደኅንነቱ ራሱ ፍጥነት ይጨምራል። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ተራው ይህ የለውም። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ብዙም አይጎዳበትም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

የምሰማውን ሁሉ ሳልፈትን ለሐጂ ማቅረብ አልፈለግኩም። የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ወዳጄ አንድ ተራ ኤስኤስዲ አዋሰኝ፤ የማን ሥራ እንደሆነ አልጽፍም። ብራድ ፊትዝፓትሪክ የጻፋት ዲስክቼከር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ያለውን ሁሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች፤ ኃይል ተቆርጦ ከተመለሰ በኋላ እውነት መጻፉን ታመሳክራለች። በመጻፍ ላይ እያለ ገመዱን ነቀልኩ። ሲመለስ «ጽፌያለሁ» ካላቸው ውስጥ የሌሉ ነበሩ። ደግሜ ነቀልኩ፤ እንደገና ጎደለ። ዲስኩ ለቤት ኮምፒውተር ምንም አይወጣለትም። ለሒሳብ ሰርቨር ግን እንዲህ ያለውን በርካሽ ገዝቶ ማስገባት ትክክል አይደለም፤ አሁን ይህን የምናገረው በዓይኔ አይቼ ነው።

ወዳጄ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። «ኤስኤስዲ ያልቃል፣ በተጻፈበት ቁጥር ይበላል» ይላል። ያልቃል፣ እውነቱን ነው። ግን ይሰላ። የታወቀው ሳምሰንግ 870 ኢቮ፣ የ1 ቴራባይቱ፣ አምራቹ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል። እኛ ባክአፑንም ጨምረን በቀን 20 ጊጋባይት ብንጽፍ፣ 600 ቴራባይት ለመድረስ 30,000 ቀን ያስፈልገናል፤ ከ80 ዓመት በላይ ነው። ዲስኩ በውስጡ ከታዘዘው በላይ እንደሚጽፍ ቆጥረን አምስት እጥፍ ብናደርገው እንኳ 16 ዓመት ይቆያል። ለመለዋወጫ ነጋዴ ማለቁ ሥጋት ሊሆን አይችልም። ቀን ከሌሊት ለሚጽፍ ባንክ ሌላ ስሌት ይኖረዋል።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ቢያንካ ሽሮደር ከጉግል ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው ጥናት ይህን ይደግፋል። በጉግል ዳታ ሴንተሮች ውስጥ 6 ዓመት የሠሩ 10 ሞዴሎችን ነበር ያጠኑት። ተበላሽተው የሚለወጡት ኤስኤስዲዎች ከሀርድ ዲስኮች ያነሱ ናቸው። በአንጻሩ በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት ውስጥ ከ20 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑት፣ እንደ ሞዴሉ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊታረም የማይችል የንባብ ስሕተት አሳይተዋል። ዲስኩ ሳይሞት ከውስጡ አንዲት ገጽ ልትጠፋ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ ጥንድ መሆኑ የግድ ነው፤ አንዱ ያጣውን ሌላው እንዲያነብ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ጥንድ ሲባል ግን አንድ ዓይነት ሁለት መግዛት የለብንም። ኅዳር 2012 ላይ የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ ለደንበኞቹ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ነበር፦ አንዳንድ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ በርተው በቆዩ በ32,768ኛው ሰዓት፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ በውስጣቸው ያለው ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩ፣ ካልታደሰ ይሞታሉ፤ መረጃቸውም አይመለስም። ሰዓቱን የሚቆጥረው የፕሮግራሙ ክፍል ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ 40,000ኛው ሰዓት ላይ የሚመጣ ተመሳሳይ ችግር ታወቀ። በአንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ ሰዓት የበሩ ሁለት ዲስኮች በአንድ ሰዓት ይሞታሉ፤ የመስታወት ግልባጭ መሆናቸው ምንም አይረዳም። እኛ አገር ሰርቨር አንዴ ከተተከለ በኋላ ፈርምዌሩን የሚያየው የለም። ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ በየቢሮው ጥግ ስንት ማሽን ሰዓቱን እየቆጠረ እንደሆነ አስባለሁ።

የሀርድ ዲስኩን የመመሪያ ወረቀት ሳነብ ሌላ ነገር ዓይኔ ገባ። ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በሚዞረው ሳህን ላይ በሚፈጠር ስስ አየር ነው፤ ስለዚህ የከፍታ ገደብ አለው፣ 3,048 ሜትር። ጌጃ ሰፈር ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ያስችለናል። እንጦጦ አናት ላይ ግን ተራ ሀርድ ዲስክ ከተፈቀደለት ከፍታ በላይ ይሠራል ማለት ነው፤ በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉት ካልሆኑ በቀር። ኤስኤስዲ አየር አይፈልግም። መንቀጥቀጥም አይጎዳውም፤ በዚህ ሰፈር ዙሪያ ከሚፈርሰውና ከሚቆፈረው ብዛት አንጻር ይህም ዋጋ አለው።

ሐጂ ፊት ያቀረብኩት ውሳኔ ይህ ነው፦ ካፓሲተር ያላቸው ሁለት 960 ጊጋባይት ኤስኤስዲዎች፣ አንዱ ሳምሰንግ ፒኤም893፣ አንዱ ኪንግስተን ዲሲ600ኤም፤ የዩፒኤሱ ባትሪዎች ይለወጣሉ፤ አሮጌዎቹ ሀርድ ዲስኮች ለባክአፕ ይቀራሉ። ዋጋው ከተራው ጥንድ በእጅጉ ይበልጣል። «በርካሹ ከሆነ ባይገባ ይሻላል» አልኳቸው። «ባለው ሀርድ ዲስክ ላይ የካርዱን ባትሪ ለውጠን እትዬን እናግዛቸዋለን።»

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። «ያን ቀን ማታ ደረሰኙን ከቀሪው ላይ ስትገለብጡ አይቻችኋለሁ» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ዱባይ ነው፤ ሞዴሉን ጻፍልኝ፣ ከዕቃው ጋር ይልከዋል።»

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ዲስኮቹ ደረሱ። ሴሪያል ቁጥራቸውን አምራቾቹ ጋ አጣራሁ፤ ትክክለኛ ናቸው። ፈርምዌራቸውን አደስኩ። ባለ 2.5 ኢንች ስለሆኑ ለ3.5 ኢንች በተሠራው የሰርቨሩ ቦታ ይላወሳሉ፤ ምናለሽ ተራ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ማቀፊያ አጥፎ፣ በስቶ፣ ሻይ እስክጠጣ ሰጠኝ። ልኩ ፍጹም ነው።

በተዋስኩት ላይ የሠራሁትን ፈተና በሁለቱም ላይ ደገምኩ። በመጻፍ ላይ እያሉ ገመዱን ነቀልኩ። ምንም አልጎደለም። አንዱም።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

አረፋ ነው፤ ሱቁም ቢሮውም ዝግ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ጠዋት ገብቼ ሁለት ሙሉ ባክአፕ ወሰድኩ፣ አንዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ መነበቡን አረጋገጥኩ፣ ከዚያ ነው አሮጌዎቹን የነካሁት። የሬይድ ካርዱ የትኛው ቦታ እንደተለቀቀ ለኤስኤስዲዎቹ ስለማያስታውቃቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ላይ ጥቂት ጊጋባይት ሳይከፈል እንዲቀር አድርጌያለሁ፤ ለውስጥ ማጽዳታቸው የሚሆን ባዶ ቦታ ይኖራቸዋል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘሁ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በወጉ እንዲዘጋ።

ሐጂ ከሶላት በኋላ ደወሉ። «ዒድ ሙባረክ» አልኳቸው። «በበዓልህ ቀን ማን ነው ሥራ ያስገባህ?» ብለው ተቆጡ፤ የእኔ በዓል ባይሆንም።

ማቀፊያው ላይ የተጫነበትን ቀን፣ ሞዴሉንና የፈርምዌሩን ቁጥር በማርከር ጻፍኩ። እኔ ብሄድ የሚተካኝ ሰው ያንብበው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

እትዬ ጠዋት ሪፖርቱን አዘዙና እንደ ልማዳቸው ቦርሳቸውን ይዘው ለቡና ተነሡ። በሩ ጋ ሳይደርሱ አለቀ። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ከባለፈው ጋር ድምር በድምር አስተያዩት። ፍጥነቱን ገና አላመኑትም፤ ትክክል ናቸው፣ ሒሳብ ያዥ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ድምሩ ገጠመ። «እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ላውጣው፣ ማታ ማታ እያልኩ ከምቆይ» አሉ።

ሁሉም ነገር እኩል አልፈጠነም። ደረሰኝ ማተሚያው ያው ነው፤ አንዳንድ የፒችትሪ ሥራዎችም ተራ በተራ ስለሚሄዱ የሚታይ ለውጥ የላቸውም። ይህን ቀድሜ ለሐጂ ነግሬያቸው ነበር።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

መብራት ሄደ፣ በሥራ ሰዓት፣ በከባድ ዝናብ። ዩፒኤሱ ያዘ፤ ጄነሬተሩ ተነሣ፤ ደረሰኝ መቁረጥ ቀጠለ። በኋላ ላይ ስመለከት ለውጡን ያመጣው በአብዛኛው አዲሱ የዩፒኤስ ባትሪ ነው። ኤስኤስዲው ለዛሬ አላስፈለገም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን መጀመሪያ የዩፒኤሱን ባትሪ ነው የምለው።

የባክአፑንም ነገር ዛሬ ጨረስኩ። አሮጌዎቹ ሀርድ ዲስኮች ተራ በተራ ሐጂ ቤት ያድራሉ። ኤስኤስዲን ለዚህ አልመርጠውም፤ የቺፕ መለኪያ አውጪው ጄዴክ ለሰርቨር ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ በ40 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል 3 ወር መረጃውን እንዲይዝ ብቻ ነው። አዲስ ሲሆን ከዚያ እጅግ የበለጠ ይቆያል፤ መሳቢያ ውስጥ ዓመት ለሚቀመጥ ነገር ግን ሀርድ ዲስኩ ይሻለኛል። ባክአፑ ከሰፈሩ መውጣቱ የግድ ነው። ጥቅምት 11 መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሌሊቱን ሲነድ ጭሱን ከዚህ ሆነን አይተነዋል። እዚያ ሱቅ ውስጥ መዝገቡንም ኮምፒውተሩንም አብሮ ያጣ ሰው ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት በምን ያስረዳል?

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ዓመቱ ትናንት ተዘጋ። እትዬ የወጡት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይመሽ ነው። ዛሬ ቆጠራ ተጀምሯል፤ የመጋዘኑ ልጅ መሰላሉ ላይ ነው፣ እትዬ ከታች ዝርዝሩን ይዘው ይጠሩለታል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

የጎረቤታችን ባለሱቅ የሐጂን ወሬ ሰምቶ መጣ። «ለእኔም ኤስኤስዲ ግዛልኝ፣ ለካሜራዬ» አለኝ። የደኅንነት ካሜራው ቀን ከሌሊት ይቀርጻል። አይሆንህም አልኩት። ካሜራ የሚጽፈው በተከታታይ ነው፣ የሚመላለስ ክንድ የለበትም፤ ሀርድ ዲስክ ለዚህ በቂ ነው፤ ለካሜራ ተብለው የተሠሩም አሉ፣ በቴራባይት ዋጋቸውም በጣም ይቀንሳል። ቅር አለው፤ ኮምፒውተሩስ ብሎ ጠየቀኝ። ደረሰኝ የሚቆርጥበት ኮምፒውተር ዩፒኤስ አለው፣ ባትሪው መቼ እንደተገዛ ግን አያስታውስም። ሰኞ ጠዋት መለኪያ ይዤ አያለሁ ብዬዋለሁ፤ ስለ ዲስኩ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።